ፊደሉን ቆጠርን፤ አሁን ምን እናንብብ?

 

ባለፈው ሳምንት በዚህ አምድ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መጽሐፍ ነው። ስለ ትምህርት መጽሐፍ ግን አይደለም። ማንም ሳያስገድደን፣ ፈተና ሳይኖርበት፣ ወደን ስለምናነበው መጽሐፍ ነው።

ለምን ይህን አነሣን? ምክንያት አለን።

ፊደል እንደ እርሻ መሬት ነው። ያልታረሰ መሬት ዳዋ ይውጠዋል። የማያነቡበት ፊደልም ይጠፋል። ይህ በአገራችን የታየ ነገር ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ፊደል ቆጠሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ አንባቢ ሆነው ቀሩ። የሚያነቡት አጥተው ፊደሉ የጠፋባቸውም ብዙ ናቸው። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ንባቡ ግን የለም። ስሙን ይጽፍ የነበረ፣ ተመልሶ በአውራ ጣቱ የፈረመ ሰው አለ።

እኛ አስተማሪዎቻችሁ ክረምቱ ሲያልቅ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን እንመለሳለን። እናንተም ወደ አጨዳው፣ ወደ ውቂያው ትገባላችሁ። ያን ጊዜ «ይህን አንብቡ፣ ያን ጻፉ» የሚላችሁ ሰው አይኖርም። ታዲያ ፊደሉን ማን ያቆየዋል? የምትወዱት መጽሐፍ ያቆየዋል። ልብ በሉ፤ «የምትወዱት» ነው ያልነው። ሰው ያልወደደውን ምግብ ሁለት ቀን ይበላው ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ይተወዋል።

«መጽሐፍ ለእኛ አይደለም» ለሚሉ

በየትምህርት ጣቢያው አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን። «አይ ልጄ፣ መጽሐፍ የቄስና የተማረ ሰው ነው። ለእኔ ስሜን መጻፍ ይበቃኛል» ይላሉ አባቶቻችን። እናቶቻችንም «እኔ አሁን መጽሐፍ ገልጬ ምን ላገኝ!» ይላሉ።

ዕድሜያችን ከልጆቻችሁ ዕድሜ አይበልጥም። ልናስተምራችሁ ብንመጣም የአገሩን ወግና ጨዋታ የምታስተምሩን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ደፍረን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ።

ማታ እሳት ዳር ለልጆቻችሁ ተረት ትነግሩ የለም? በሠርግ ግጥም ትሰጡ የለም? በለቅሶ ሟቹን እያነሣችሁ በግጥም ታለቅሱ የለም? «አያቴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ብላችሁ ታወሩ የለም? የሰው ጠባይ አስመስሎ ተናግሮ የሚያስቃችሁ ጎረቤት የለም?

አለ እንጂ! ይህ ሁሉ በመጽሐፍም አለ። በመጽሐፍ ሲጻፍ ስም ስለወጣለት እንግዳ ነገር መሰለ እንጂ ያው የእናንተው ጨዋታ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ተረትና ጨዋታ ለሚወድ

ለአዲስ አንባቢ ከሁሉ የሚቀለው ተረት ነው። ተረት አጭር ነው። መብራቱ ሳይጠፋ፣ እንቅልፍም ሳይመጣ ያልቃል። ደግሞም የተረት አካሄድ ስለለመዳችሁ ዓይናችሁ በአንድ ቃል ላይ ቢሰናከል ልባችሁ ቀድሞ ይደርስበታል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። መንግሥቱ ለማ ደግሞ ሽማግሌዎች ሲጨዋወቱ የሚነግሯቸውን አጫጭር ታሪኮች ሰብስቦ በ1953 ዓ.ም. «የአባቶች ጨዋታ» ብሎ አወጣ። ብልጥ መልስ፣ ቀልድ፣ የፍርድ ጨዋታ የሚወድ ሰው በዚህ ቢጀምር ይስማማዋል። አንዱን ታሪክ አንብቦ ለጎረቤት ማውራትም ይቻላል።

ከበደ ሚካኤል የጻፉት «ታሪክና ምሳሌ» ደግሞ ተረቱንም ታሪኩንም በግጥም የሚያቀርብ መጽሐፍ ነው። እያንዳንዱ ታሪክ ምክር አለው። ብዙ ኢትዮጵያዊ በልጅነቱ ከዚህ መጽሐፍ ግጥም በቃሉ አጥንቷል። ልጆቻችሁ ተማሪዎች ከሆኑ ጠይቋቸው።

ግጥም ለሚወድ

ግጥም በጆሮ የሚገባ ነገር ነው። ስለዚህ የግጥም መጽሐፍ ስታነቡ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። ቤት ሲመታ ጆሯችሁ ይሰማዋል፤ የተሳሳተ ንባብም ወዲያው ይታወቃችኋል።

ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለ ሥራቸውን አሳተሙ። በውስጡ ግጥምም ቴአትርም አለበት። እኚህ እናት በጣሊያን ወረራ ዘመን ታስረው የተንገላቱ፣ በኋላም በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። «መጽሐፍ የወንድ ነገር ነው» የሚል ካለ ይህን ንገሩት።

የፀጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» በ1966 ዓ.ም. የታተመ የታወቀ የግጥም መጽሐፍ ነው። ይህ ግን እንደ ጥሬ ታኝኮ የሚዋጥ ነው። አንዱን ግጥም ሁለት ሦስት ጊዜ ማንበብ ያስፈልጋል። ባይገባችሁ አትደንግጡ፤ እኛም በዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብለን እንከራከርበታለን። ቅኔ የሚያውቅ ሰው በመንደራችሁ ካለ አብራችሁት አንብቡ።

የሰው ሕይወትና ታሪክ ለሚወድ

አንዳንዱ ሰው ደግሞ «እኔ የተደረገውን ነገር ብቻ ነው የምወድ» ይላል። ለእርሱም መጽሐፍ አለው።

አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ያዩትንና የሰሙትን፣ የቆሎ ተማሪ ሆነው የተንከራተቱበትን ዘመን ለልጃቸው አወሩ። ልጃቸው ከላይ ስሙን ያነሣነው መንግሥቱ ለማ ነው። የአባቱን ንግግር በቴፕ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ መለሰውና በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ ታተመ። መጽሐፉን ስታነቡ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጠው የሚያወሩ ይመስላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለም? ልጁ ባይቀዳው ኖሮ ያ ሁሉ ጨዋታ ከአለቃ ጋር መቃብር ይወርድ ነበር። በእናንተ መንደርስ ስንት ጨዋታ ወርዷል?

ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ጳውሎስ ኞኞን ይፈልግ። ጳውሎስ ጋዜጠኛ ነበር። በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚል አምድ ከየአገሩ ለሚላክለት ጥያቄ መልስ ይሰጥ ነበር። በኋላም ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጣሊያን ጦርነት፣ ስለ አጤ ቴዎድሮስና ስለ አጤ ምኒልክ ትልልቅ መጻሕፍት ጻፈ። ታዲያ ይህ ሰው በትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል በላይ አልዘለቀም። የቀረውን ያገኘው በማንበብና በመጠየቅ ነው።

ታሪክ ስታነቡ ግን አንድ ምክር ያዙ። ሁለት ሰው ስለ አንድ ጠብ ቢመሰክር ቃሉ አንድ አይሆንም። ታሪክ ጸሐፊም እንዲሁ ነው። ስለዚህ «ይህን ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ሌላውስ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዳኛ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

ቴአትር ለሚወድ

ቴአትር በመድረክ ላይ የሚታይ ነው። ነገር ግን በመጽሐፍም ይታተማል። በመጽሐፉ ላይ የተናጋሪው ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎም የሚናገረው ይከተላል። ስለዚህ ለአምስት ለስድስት ሆኖ እየተካፈሉ ለማንበብ እንደ ቴአትር የሚመች የለም።

የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» እንውሰድ። በ1957 ዓ.ም. የታተመ ነው። አንድ የተማረና ባለሀብት ሰው የቤቱን ሠራተኛ ሊያገባ ያስባል። ዘመዶቹ «እንዴት ተደርጎ! ዘራችንን ልታሰድብ ነው?» ብለው ይነሣሉ። ነገሩ እያሳቀ ይሄዳል። ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። አቻ ማን ነው? ዘር የቆጠረው ወይስ ልብ ለልብ የተግባባው? በእናንተም መንደር ይህ ጥያቄ ያላጣላው ቤተሰብ ያለ አይመስለንም።

ልብ ወለድ ለሚወድ፤ ለማይወድም

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። በአንድ የትምህርት ጣቢያ ስለ ልብ ወለድ ስናስረዳ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው ነው አላችሁ። ያልተደረገ ነገር ማለት ነው። እንግዲያው ውሸት ነው። እኛ በዚህ ዕድሜያችን ፊደል የቆጠርነው ውሸት ለማንበብ ነው?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም።

መልሳችን እንዲህ ነው። በተረት ጦጣ ትናገራለች። ጦጣ እንደማትናገር ሕፃንም ያውቃል። ግን ተረቱን «ውሸት» ብለን አንጥለውም፤ በጦጣ አፍ የሚነገረው የሰው ጠባይ እውነት ነውና። ልብ ወለድም ያው ነው። ሰዎቹ አልነበሩም፤ የሚደርስባቸው ነገር ግን በሰው ሁሉ ላይ የሚደርስ ነው።

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ከተማ ታተመ። ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» ተባለ። ለዚህ ዓይነት ድርሰት የምንሰጠው ስምም ከዚያው ርዕስ የመጣ ነው። በታሪኩ ጦቢያ የተባለች ልጅ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር አገር ለአገር ትዞራለች። መጽሐፉ ትንሽ ነው። አማርኛው ግን የዱሮ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይነበባል።

ከሁሉ የበለጠ የታወቀው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ታሪኩ የጎጃም ገጠር ነው። በዛብህ የሚባል ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት የድሃ ልጅ አለ። ሰብለ ወንጌል የምትባል የባላባት ልጅ አለች። ያስተምራታል፤ ይዋደዳሉ። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው። ባላገሮቻቸው ከተለመደው በላይ አምጡ ሲባሉ እንቢ ይላሉ፤ ነገሩም ወደ ጦር ይሄዳል። ጉዱ ካሣ የሚባል ደግሞ አለ። የማይረባውን ልማድ «የማይረባ ነው» ብሎ በግልጽ ስለሚናገር ሰው እንደ እብድ ያየዋል። ቀጥሎ የሚሆነውን አንነግራችሁም፤ አንብቡት! እኛ ግን የምንጠይቃችሁ አለ። የሚከብድ ግብር ከፍሎ የሚያውቅ፣ ወይም አያቱ ሲከፍል የሰማ ገበሬ ይህን መጽሐፍ «ውሸት ነው» ሊለው ይችላል?

ብርሃኑ ዘሪሁን ለአዲስ አንባቢ የሚመች ጸሐፊ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነውና። «የቴዎድሮስ እንባ» በ1958 ዓ.ም. የታተመ የታሪክ ልብ ወለድ ነው። «ማዕበል» በተባሉት ተከታታይ መጻሕፍቱ ደግሞ የወሎን ረኃብና የ1966 ዓ.ም. አብዮት ይተርካል። ረኃቡን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች በመካከላችሁ ካሉ አንብቡላቸው። እነርሱ እውነቱን ከደራሲው ጋር ያመሳክሩታል።

የበዓሉ ግርማን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በዓሉ ጋዜጠኛና ደራሲ ነበር። በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ «ኦሮማይ» የተባለውን አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ በኤርትራ ስለተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻና በዘመኑ ሥልጣን ላይ ስለነበሩ ሰዎች ጻፈ። ሰዎቹን በሌላ ስም ቢጠራቸውም አንባቢ ለይቶ አወቃቸው። መጽሐፉ ወዲያው ከየመደብሩ ተለቅሞ ተወሰደ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቤተሰቡ ሬሳውን እንኳ አላገኘም። መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። በኋላም እንደገና ታተመ፤ ዛሬም ይነበባል።

እንግዲህ ለእኚያ አባት የምንመልሰው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ልብ ወለድ ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ማን ይፈራው ነበር?

መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

ገበያ ወጥታችሁ ዘር ስትገዙ ዝም ብላችሁ አትገዙም። በእጃችሁ ታገላብጣላችሁ፤ ትመለከታላችሁ። መጽሐፍም እንዲሁ ይታያል።

መጀመሪያ ሽፋኑን እዩ። የመጽሐፉ ርዕስና የደራሲው ስም እዚያ ተጽፏል።

ሁለተኛ፣ ከሽፋኑ ኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ በአጭሩ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ መካከሉን ገልጣችሁ አንድ ገጽ ሞክሩ። በየመስመሩ የማይገባችሁ ቃል ካለ መጽሐፉ ገና ነው። መልሱት፤ አያሳፍርም። በገጹ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ከከበዳችሁ ግን ያዙት። ለምሳሌ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. የወጣ የተከበረ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን የተማረውም «ይከብዳል» ይለዋል። እርሱን ለኋላ አቆዩት።

አራተኛ፣ በውፍረቱ አትፍሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሰፊ ማሳ በአንድ ቀን ይታረሳል? አይታረስም። ጥማድ በጥማድ ነው። በቀን አንዳንድ ገጽ ያነበበ ሰው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻውን ያያል። ሁለት ሁለት ገጽ ያነበበ በዓመት ውስጥ ይጨርሳል።

አምስተኛ፣ ያልወደዳችሁትን መጽሐፍ ተዉት። ሰው ስላመሰገነው ብቻ አትታገሉ። ሌላ ውሰዱ።

መጽሐፉስ ከየት ይመጣል?

«የምትሉት መልካም ነው፤ ገንዘቡስ?» እንደምትሉ እናውቃለን። በቅርባችሁ ያለው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ካለው ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። ልጆቻችሁ መጽሐፍ ተውሰው እንዲያመጡላችሁ አድርጉ። ከተማ ስትወርዱ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ፈልጉ፤ ከአዲሱ ይረክሳል።

ሌላም መንገድ አለ። ዕቁብ ታውቁ የለም? ዐሥር ሰው ሆናችሁ የመጽሐፍ ዕቁብ ጣሉ። በየወሩ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶ አንድ መጽሐፍ ይገዛል። ባለ ዕጣው ይመርጣል፤ ቀድሞም ያነባል። ከዚያ ለተከታዩ ያሳልፋል። በዐሥር ወር ዐሥር መጽሐፍ ይኖራችኋል። አንዱ ተረት፣ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ልብ ወለድ ይሆናል፤ የሁሉ ሰው ምርጫ አንድ አይደለምና።

አብራችሁም አንብቡ። አንዱ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ፤ ሲደክመው ይተካው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በአገሩ ሁሉ የታወቀው በወረቀት ብቻ አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ እየተረከ አንብቦታል። ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ሬዲዮኑን ከብቦ ሰምቷል። ያን ጊዜ ትረካው ሲያልቅ ቀጣዩን ለመስማት ሳምንቱን መጠበቅ ግድ ነበር። የእናንተ ዕድል ከዚያ ይሻላል። መጽሐፉ በእጃችሁ ከሆነ ሌላ ሰው አትጠብቁም። ገጹን መግለጥ ብቻ ነው። ያልገባችሁን ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ታነባላችሁ። በወደዳችሁት ቦታ ላይ ትቆያላችሁ። «እንዲህ ይላል» ብሎ የሚያታልላችሁም የለም፤ የሚለውን ራሳችሁ አይታችኋልና።

ለመጪው ሳምንት

ወደ ትምህርት ጣቢያው ስትመጡ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አስባችሁ ኑ።

1. ከተረት፣ ከግጥም፣ ከታሪክ፣ ከቴአትርና ከልብ ወለድ የትኛውን ትወዳላችሁ? ለምን?

2. «ልብ ወለድ ውሸት ነው» ለሚል ሰው እናንተ ምን ትመልሳላችሁ? የእኛ መልስ ካልተስማማችሁ ተከራከሩን።

3. በመንደራችሁ ሳይጻፍ እንዳይቀር የምትፈልጉት የማን ጨዋታ ነው? የሰውየውን ወይም የሴትዮዋን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። አንድ ጨዋታቸውንም በአምስት መስመር ጻፉ።

ሦስተኛውን ጥያቄ አደራ። አለቃ ለማ ልጃቸው ባይጽፍላቸው ዛሬ አናውቃቸውም ነበር። እናንተም አሁን መጻፍ ትችላላችሁ።

ለሳምንት በደህና ያገናኘን።